የአውጫጭኙ ሦስተኛ ቀን

አርባ ሦስት ወንድ በአንዲት ደጀ ሰላም ውስጥ ሦስት ቀን! ዘርአ ዳዊት ጉልበቱን አቅፎ ግድግዳውን ተደግፏል፤ ዓይኑ ከማክሰኞ ጀምሮ አልተከደነም፤ እንዴትስ ይከደን፣ በግራው ያለው ያንኮራፋል፣ በቀኙ ያለው ቆሎ ይቆረጥማል፣ ከፊቱ ያለው ጋቢውን ባራገፈ ቁጥር ቁንጫውን ያካፍላል፤ ይህ ሁሉ ሕዝብ እዚህ የታጎረውም የባላምባራስ ብርሃነ መስቀል የገብስ ክምር ሰኞ ንጋት ላይ ተቃጠለ ተብሎ ነው። ክምር! እሱ ኤደን ወደብ ላይ ሙሉ መርከብ ሲነድ አይቷል፤ እንግሊዞቹ በማግስቱ አራት ሰው ጠየቁ፣ ወረቀታቸውን ጻፉ፣ ሻያቸውን ጠጡ፣ አለቀ ደቀቀ። እዚህ ግን፣ ከጎረቤላ በላይ፣ ጉም ሳያንኳኳ ገብቶ ሰው መሀል በሚቀመጥበት አገር፣ አውጫጭኝ የሚባል ነገር አለ፤ ጥፋተኛው ያልታወቀ እንደሆነ የአጥቢያው አባወራ ሁሉ አንድ ቦታ ይከተታል፣ ሚስት ስንቅ በበር ታቀብላለች፣ ማንም ቤቱ አይገባም፤ አንድ የታመነ ሽማግሌም ወፍ ተብሎ ይመረጥና ሰው ሁሉ በተራ እየተጠራ እፊቱ ተንበርክኮ በጆሮው ያንሾካሹካል፤ ያላየ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ይላል፣ ያየ ስም ይጠራል፤ ሽማግሌው «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ስሙን ለዳኛው ያወጣል፣ የነገረውን ሰው ግን እስኪሞት አይናገርም። ወፍ! መስኮቦች ሰው ወደ ሰማይ ሰደው፣ ምድርን አዙረው ባወረዱበት ዓመት እነዚህ ወፍ ይጠብቃሉ። ኧረ ወዲያ!

እሱ እንኳ አባወራ አይደለም፤ ጎጆ የለው፣ ማሳ የለው፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት ከኤደን መጥቶ ታናሽ ወንድሙ ቤት ያረፈ ሰው ነው፤ በአጥቢያው ያደረ ሁሉ ይግባ ተባለና ሱፍ ኮቱን እንደለበሰ አስገቡት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ለመርከቦች ስንቅ በሚያቀርብ መጋዘን ውስጥ ጸሐፊ ነው፤ ጠዋት ሲገባ ካርዱን ማሽን አፍ ውስጥ ይከታል፣ ማሽኑ ቀጭ አድርጎ ሰዓቱን ይነክስበታል፣ ሦስት ደቂቃ ያረፈደ ምክንያቱን በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ የመጀመሪያው ዓመት ያቺ ማሽን በሕልሙ እየመጣች ታባንነው ነበር፣ አሁን ግን ይኮራባታል፣ ሌላው ቢቀር እሷ ወሬ አታወራም። የመኖሪያ ፈቃዱ የፊታችን ማክሰኞ ያልቃል። ዛሬ ሐሙስ ነው። ዛሬ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት በቅሎ ላይ ካልወጣ ነገ ንጋት ከደብረ ብርሃን የሚነሣው አውቶቡስ ያመልጠዋል፣ አውቶቡሱ ካመለጠው ባቡሩ፣ ባቡሩ ካመለጠው የጅቡቲዋ ጀልባ፤ ያን ጊዜ ረቡዕ ጠዋት ወንበሩ ላይ አንድ ህንድ ይቀመጣል፣ እሱም ዕድሜ ልኩን ከእነዚህ ጋር ቆሎ ሲቆረጥም ይኖራል።

መውጫው ደግሞ አንድ ስም ነው፤ ስሙን ያውቀዋል። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ወንድሙ ገብረአብ በሩን ገርበብ አድርጎ ገባ፤ ዘርአ ዳዊት መደቡ ላይ ነቅቶ ተኝቷል፤ ሰውየው ጭስ ጭስ ይሸታል፤ ከገንቦው ውሃ እየቀዳ እጁን ታጠበ፣ ፊቱን ታጠበ፣ አሁንም ታጠበ፤ ሲነጋ ሲያየው የቀኝ ቅንድቡ ተለብልቦ ግማሹ የለም። ያ ቅንድብ ይኸው ዛሬም የለም። እዚያ ማዶ ጨለማው ጥግ ጋቢውን እስከ ግንባሩ ስቦ ተቀምጧል፤ እነዚህ ጅላጅሎች «ገብረአብን ብርድ ይዞታል፣ ወደ ጥግ ይግባ» እያሉ ሦስት ቀን ሙሉ ራሳቸው ከብርሃን ሲያርቁት፣ አንዳቸው እንኳ ቀና ብለው የሰውየውን ፊት አላዩም! ዓይን ተሰጥቷቸዋል፣ ምን ያደርግላቸዋል። የኤደን ፖሊስ ቢሆን ከበሩ ሳያልፍ በያዘው ነበር። ክምር ያቃጠለ ሰው የሚወርደው ደብረ ብርሃን ወህኒ ቤት ነው፣ ያውም ለስንት ዓመት፤ ሚስቱ አመተ ማርያም ሦስተኛ ልጇን አርግዛለች፤ ይህንንም ያውቃል፤ ባያውቅ ደስ ባለው።

ያቃጠለበትንም ምክንያት ያውቃል፤ ማሰብ የማይፈልገው ይህን ይህን ነው። ገብሱ የበቀለው እናታቸው ባካፈለቻቸው መሬት ላይ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ባላምባራስ ብርሃነ መስቀል «ድርሻህ ጠፍ ሆኖ ቀረ፣ የማትፈልገው እንደሆነ ፈርምልኝ» የሚል ደብዳቤ ኤደን ድረስ ላኩ፤ እሱም በሁለት የስኳር ከረጢት መሀል ቆሞ፣ ወረቀቱን አንብቦ ሳይጨርስ ፈረመ፤ ድንጋይና ውርጭ ነው፣ ይብሉት አለ፣ ሳቀም፤ በዚያ ፊርማ ባላምባራስ ሸንጎ ቆመው የእሱን ድርሻ ብቻ ሳይሆን የገብረአብንም ጭምር ወሰዱ። ገብረአብ አልጻፈለትም። አንድ ቃል! አሁን እንኳ ሁለት ሳምንት ከአንድ መሶብ ሲበሉ አላነሣበትም፤ የሰማው ከጎረቤት ነው፤ ይህ ምን ይባላል፣ ትዕግሥት ነው ወይስ ሞኝነት? «ጋሼ፣ ፈርመህ አስበላኸኝ» ብሎ ቢሰድበው እሱም መልሶ ተሳድቦ ይገላገል ነበር። እንዲህ ዝም የሚሉ ሰዎች ያስጠሉታል። የስልኩም ነገር እንደዚያው ነው፤ ባለፈው ፋሲካ ሰሞን ኤደን ስልክ ቤት ሳጥኗ ውስጥ ገብቷል፣ መስታወቱን ዘግቷል፣ ላብ በጀርባው ይወርዳል፣ ገብረአብ በቀጠሮ ተጠርቶ ከዚህ ደብረ ብርሃን ድረስ በእግሩ ሄዶ ሁለት ቀን የስልክ ቤቱ ደጅ ላይ ጠብቋል፤ ሃሎ! ሃሎ ጋሼ! ይሰማሃል? ይሰማል፣ ቀስ በል፣ አትጩህ፤ ደህና ነህ ወይ ጋሼ፣ ሙቀቱ እንዴት ነው? ያለችው ሦስት ደቂቃ ናት፣ ስለ ሙቀት ይጠይቀኛል እንዴ! እማዬ እንዴት ናት? «ደህና ናት፣ ሳሙልኝ ብላለች።» እማዬ በዚያን ቀን ከሞተች አራት ወር አልፏታል። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሰው አገር ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፣ ወጉ ነው አሉት፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት ንጋት ላይ አገሩ ሁሉ ግቢ ሞልቶ ሲያለቅስ ነው የሰማው። ውሸታሞች! ሊዋሽ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ ሄደ፣ ሁለት ቀን ብርድ ላይ አደረ፣ ከዚያ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ ሳሙልኝ ብላለች አለ። ዘርአ ዳዊት ይህን ባሰበ ቁጥር ደረቱን አንድ ነገር ሰንጎ ይይዘዋል፤ ንዴት ነው ይላል ለራሱ፤ ንዴት አይደለም፣ አሥራ ሁለት ዓመት መጥቶ ያልጠየቃት እናቱ ናት።

«ወንድሜ፣ ቴምር ቅመስ እንጂ» አለው ፈረጅ።

ፈረጅ የአልዩ አምባ ነጋዴ ነው፤ በርበሬና ጨው ጭኖ ወደ ደብረ ብርሃን ሲያልፍ እሁድ በዚህ አደረና እሱንም አስገቡት፤ እስላም ስለሆነ ከደፉ አጠገብ በራሱ አጎዛ ላይ አስቀመጡት፤ አህዮቹ ከውጭ ታስረው በየሰዓቱ ያናፋሉ፣ እሱ ግን የአክስቱ ቤት የመጣ ይመስል ዘና ብሏል። ይህም ሌላው ሞኝ!

«መጨረሻው አንተ ላይ እንደሚላከክ አታውቅም?» አለው ዘርአ ዳዊት ዝቅ ብሎ።

«እኔ ላይ? ምን ባጠፋሁ?»

«መንገደኛ ነሃ። ዘመድ የለህም። ከራሳቸው ሰው አንተን ቢሰጡ አይቀላቸውም?»

ፈረጅ ሳቀ። «አላህ ይጠብቅህ እንዲህ ከማሰብ። ሃያ ዓመት እኮ ነው በዚህ ስመላለስ፤ ማደሪያዬ ቤታቸው ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ሲንሾካሾኩ ዋሉ፣ ስሜ ተነሣ?»

«ሰኞ ንጋት አህዮችህን ውሃ ልታጠጣ ወጥተህ ነበር፤ ማንንም አላየህም?»

ፈረጅ ቴምሩን አኘከ፣ ፍሬውን አወጣ፣ መዳፉ ላይ አገላብጦ አየው። «ጉም ነበር።»

«ጉም!»

«ወላሂ ጉም ነበር። የገዛ አህያዬንስ መቼ አየሁና» አለና ወሬውን ቆረጠው።

ሃያ ዓመት መንገድ የኖረ ነጋዴ አህያውን አላየም! ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል የሚያይ እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው፣ አለ ዘርአ ዳዊት፤ እያፈረም ቢሆን ደስ አለው።

ስድስት ሰዓት ላይ አመተ ማርያም ስንቅ ይዛ መጣች። በበሩ የቆመው ነጭ ለባሽ ጠመንጃውን ወደ ጎን አድርጎ አገልግሎቹን ፈተሸና አቀበለ። ትኩስ ዳቦ ነው፣ ስልጆ ነው፤ ለባሏ ትንሿን፣ ለእሱ ትልቋን። ወደ ጨለማው ጥግ አንዴም አላየችም።

«ጋሼ፣ ብርዱ አልጎዳዎትም?»

«ምን ይጎዳኛል፣ ሰርግ ቤት ነኝ እኮ!»

አንገቷን ደፋች። «በቅሎዋ ተጭናለች። ሻንጣዎም ተጭኗል። ዛሬን ብቻ ይታገሡን።»

ዛሬን ብቻ! አገሩ በሙሉ የሚኖረው እንዲህ ነው፣ ዛሬን ብቻ፣ ነገን ብቻ፣ እግዜር ያውቃል፤ እሱ ሰዓት በማሽን የሚነከስበት ሰው መሆኑን ማን ይንገራቸው። ለምን ዛሬን ብቻ አልሽ ብሎ አልጠየቃትም፤ የገበሬ ሚስት ምን ታውቃለች። እሱም ከዚህ አገር የወጣው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ አውጫጭኝ ተቀምጦ አያውቅም፣ ደንቡ እንዴት እንደሆነ ደግሞ ከእነዚህ አንዱን ቢጠይቅ ክብሩ የሚነካ መሰለው። በልጅነቱ አንዱ አውጫጭኝ አሥራ አምስት ቀን ፈጀ ሲባል ሰምቷል፤ ያ ይበቃዋል። አሥራ አምስት ቀን! ዳቦውን ቆርሶ መልሶ አስቀመጠው።

ከዚያ ዙሩ ተጀመረ። ዳኛው ደፉ ላይ በርጩማቸውን አስጠግተው ስም ይጠራሉ፤ ባላምባራስ ብርሃነ መስቀል ከኋላቸው ጭራቸውን እያወናጨፉ ይንጎራደዳሉ፤ መሪጌታ ወልደአረጋይ፣ ወፉ፣ ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል፤ ዘርአ ዳዊትን ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። የተጠራው ይነሣል፣ በሰው እግር መሀል ይረማመዳል፣ ይንበረከካል፣ ሁለት ቃል ይላል፤ አላየሁም፣ አልሰማሁም፤ አንድ ትንፋሽ አይሞላም። መሪጌታ ራሳቸውን ቀና አድርገው «ወፍ የለም» ይላሉ። ቀጣይ። ወፍ የለም። ቀጣይ። ሲቆጥር አሥር፣ ሲቆጥር ሃያ፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ የሚያንኮራፋውም ነቅቷል፣ የሚሰማው የጉልበት መሬት መንካትና ያቺ አጭር ሹክሹክታ ብቻ ናት። ፈረጅ ሄደ፣ ተንበረከከ፣ ተመለሰ። ወፍ የለም።

«ገብረአብ!»

ገብረአብ ጋቢውን እንደተከናነበ ከጥጉ ወጣ። ሰዎቹ መንገድ ሲለቁለት ሁሉም መሬት መሬቱን ያያሉ። ተንበረከከ፤ አፉን ሊከፍት ሲል መሪጌታ መዳፋቸውን አፉ ላይ ጫን አደረጉና፣ «ወፍ የለም» አሉ። እንግዲህ ይታያችሁ! ሽማግሌው ጃጅተዋል፣ ሰውየው ሳይናገር መልስ ይሰጣሉ፣ የዚህ አገር ፍርድ በእኒህ እጅ ነው። ዘርአ ዳዊት በሳቅ ሊፈርጥ ነበር። ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። አንድ ሰዓት ቀርቶታል። በስተመጨረሻው ማወቃቸው ይቀራል? አይቀርም፣ አንድ ቀን አንዱ ደንቆሮ ቀና ብሎ ቅንድቡን ያያል፣ ያኔ ገብረአብም ይታሰራል፣ እሱም ሥራውን ያጣል፣ ሁለቱም ይጠፋሉ፤ አንዱ ቢተርፍ አይሻልም? ኤደን ሆኖ ለልጆቹ ልብስ ይልካል፤ ጠበቃም ይገዛለታል፤ ወንድምነት ማለት አብሮ ገደል መግባት ነው ያለ ማን ነው! ይህን ሁሉ ለማን እንደሚያስረዳ አያውቅም፤ ሳሙልኝ ብላለች ያለው ድምፅ ጆሮው ውስጥ ይጮሃል፣ ዝም አይለውም።

«ዘርአ ዳዊት!»

ተነሣ። ሁለቱን ቃል ብሎ ሊመለስ ይችላል፤ እስኪንበረከክ ድረስ ይህንኑ ሊል ይመስለው ነበር። ተንበረከከ፤ የሽማግሌው ጆሮ ፀጉር አብቅሏል፣ ነጭ።

«መሪጌታ፣ የምነግርዎ አለ፤ ግን ስሙ ከመጠራቱ በፊት እኔን ያስወጡኝ፤ ነገ ንጋት አውቶቡስ አለብኝ፤ ሲጠራ እዚህ ባልኖር።»

«ልጄ፣ ሁለቱን ቃል በልና ተነሣ» አሉት፣ ከንፈራቸው ሳይንቀሳቀስ።

«እናንተ አላያችሁም እንጂ ነገሩ ፀሐይ የሞቀው ነው። ቅንድቡን ይመልከቱት። ወንድሜ ነው፣ ገብረአብ ነው።»

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ቅንድቡን ያላየ ማን አለ?» አሉት በሹክሹክታ። «ጨለማ ያስቀመጥነው ለምን መሰለህ? ሦስት ቀን ከሞላ ወፍ የለም ይባልና ከየቤቱ አንድ አንድ ቁና ገብስ ተዋጥቶ ለባለ ክምሩ ይሰጣል፤ ሰው ይበተናል፤ ደንቡ ይኸው ነው። ይቺ ዙር የመጨረሻዋ ናት። ካንተ ኋላ የቀሩት አራት ሰዎች ናቸው።»

«አልነገራችሁኝም!»

«መቼ ጠየቅኸን? በኩራትህ ሦስት ቀን ሙሉ ማንን አስጠጋህ? እሱን እንዳይናገር አፉን ያዝኩት፤ የማን ልጅ መሆንህን ስለማውቅ ያንተን መያዝ እንዳለብኝ ሳላስብ ቀረሁ። አሁን ሰማሁ። የሰማሁትን ላልደብቅ ምያለሁ። ምን ላድርግህ?»

ቤቱ በሙሉ ሹክሹክታውን እየሰማ ነበር፤ ቃሉን አይደለም፣ ርዝመቱን። ከአንድ ትንፋሽ አልፏል፣ ከሁለት አልፏል፣ አርባ ሰው ትንፋሹን ውጧል። ዳኛው በርጩማቸው ላይ ተመቻቹ።

«መሪጌታ! ወፍ አለ?»

መሪጌታ ከዘራቸውን ከጭናቸው አንሥተው መሬት ላይ ተከሉ።

«መሪጌታ ወልደአረጋይ! በማሉት መሐላ! ወፍ አለ ወይስ የለም?»

ሽማግሌው የለም እንዳይሉ መሐላው አለ፣ አለ እንዳይሉ ያ ቅንድብ አለ። ዘርአ ዳዊት እንደተንበረከከ ቀርቷል፤ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አለ፣ ከልቡ አለው፣ አልተሰነጠቀችም። ያን ጊዜ ከጥጉ አንድ ሰው ሲነሣ ጋቢው ኮሽ አለ።

«መሪጌታ አይጨነቁ» አለ ገብረአብ። ጋቢውን ከራሱ ላይ አወረደና ወደ ብርሃኑ ወጣ። «ጌታው ዳኛ፣ ክምሩን ያቃጠልኩ እኔ ነኝ። ማንም አልጠቆመኝም። ማንም አልጠቆመኝም ተብሎ ይጻፍልኝ።»

ባላምባራስ «አላልኩም? አላልኩም ነበር?» እያሉ ዘለው ገቡ። ነጭ ለባሹ ገመዱን አወጣ። ገብረአብ እጁን ራሱ ወደ ኋላ ሰጠው፤ ሲታሰር ወንድሙን አላየውም፣ ዓይኑን ቤቱ ላይ ባጠቃላይ አዞረ እንጂ።

«ቤቴን አደራ» አለ።

«በእኛ ይሁን!» አለ ቤቱ ባንድ አፍ። ፈረጅም ከደፉ ላይ ቆሞ «በእኛ ይሁን» አለ። ዘርአ ዳዊት አፉን ከፍቷል፣ ከእነሱ ጋር ሊል፤ ድምፁ አልወጣም።

ይተፉብኛል ብሎ ጠበቀ። ቢተፉበት፣ ቢረግሙት፣ አንዱ በከዘራ ቢለው ምንኛ በወደደ፤ ያን ጊዜ አረመኔዎች፣ አሁንስ ተገለጣችሁ ይላቸው ነበር። ማንም አልተነፈሰም። ንቀቱን ፈለገው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ያሞቀውን ያን ንቀት፤ አጣው፣ በዚያ ፋንታ ሌላው ቀርቶ የኮቱ ቁልፍ አሳፈረው። መሪጌታ በከዘራቸው ተደግፈው በጭንቅ ተነሡ።

«መንገድ ልቀቁለት» አሉ፤ «እንግዳው መኪና አለበት።»

ጉልበቱን የዘረጋ ሁሉ ሰበሰበ፣ ጋቢው መሬት የነካ ሁሉ ወደ ራሱ ሳበ፤ ከመንበርከኪያው እስከ በሩ ድረስ ቀጥ ያለ ባዶ መንገድ ሆነለት። ያን ያህል ሰው የታጨቀበት ቤት ውስጥ ማንንም ሳይነካ ወጣ።

አመተ ማርያም በግቢው በር ላይ የበቅሎዋን ልጓም ይዛ ቆማለች። ስታየው ፊቷ በራ።

«ተበተናችሁ ጋሼ? እሱስ?»

«ከኋላ ነው» አላት።

ርካቡን ያዘችለት፤ ወጣ።